አናጢን ከሠራው ወንበር ላይ አታስነሡት

ሰሞኑን በቴሌግራምና በፌስቡክ ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ አለ። ርእሱ «አናጢ የቤት ዕቃ ሠሪ አይደለም» ይላል። ጸሐፊው ለእንጨት ሙያ ያላቸው አክብሮት ከየአንቀጹ ይነበባል፤ ቁም ሣጥንና ወንበር የሚሠራ ሰው ጣሪያ ከሚመታው ጋር በአንድ ስም መጠራቱ አንገብግቧቸዋል። ቁጭቱ ይገባኛል። ማስረጃ ብለው የደረደሩት ግን ሲነካ ይፈርሳል፤ አንዳንዱም በሙያው ላይ ያሉትን ሰዎች ይጎዳል።

ክርክራቸው ባጭሩ እንዲህ ነው። «አናጢ» ሐነጸ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ስለሆነ ቤት ለሚሠራ ሰው ብቻ የተሰጠ ስም ነው። ለእንጨት ሠራተኛ የቆየው ትክክለኛ ስም «ጠራቢ» ነው። ፈረንሳዮች ለቤት ዕቃ ባለሙያ «ኤቤኒስት» የሚል የተለየ ቃል ሲኖራቸው እኛ ባዶ እጃችንን ነን፤ ስለዚህ ኤቤኒስት ከጥቁሩ እንጨት ከዞጲ ስም እንደ ወጣ እኛም «ዞጴኛ»፣ ካልሆነም «የቤት ዕቃ ሠሪ» እንበል። እውነተኛው የቤት ዕቃ ባለሙያ ምስማር በእጁ አይነካም። በመጨረሻም ቺፑድና ኤምዲኤፍ (ተፈጭቶ የተጋገረ የእንጨት ሰሌዳ) እየቆረጠ የሚገጣጥመው «ፈርኒቸር ቤት» የባለሙያ ስም አይገባውም። አምስት ነጥብ ነው፤ በቅደም ተከተላቸው ልሂድ።

ስለ ቃሉ ዘር የተናገሩት ትክክል ነው። ግእዙ ሐነጸ «ገነባ» ነው፤ ሠሪው ሐናጺ፣ ሥራው ሕንጻ። የግእዙ ጸ በአማርኛ አፍ ብዙ ጊዜ ጠ ይሆናል። ጸጉር ጠጉር፣ ጾም ጦም፣ ጸብ ጠብ እንደሆነው ሁሉ ሐናጺም አናጢ ሆነ። ዛሬም «አናጺ» ብሎ የሚጽፍ አለ፤ ያው ነው። ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ቤት የማይሠራ አናጢ አይባልም» ሲሉ ነው። ቃል ከየት እንደመጣ ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ ዛሬ ምን ላይ እንደሚውል ማወቅ ሌላ።

በእሳቸው ሚዛን ብንሄድ መጀመሪያ የሚወድቀው ራሱ ጠረጴዛ ነው። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን መነሻው «አራት እግር» ማለት ነው። ታዲያ በአንድ ወፍራም እግር የቆመውን ክብ ጠረጴዛ ምን ልንለው ነው? እንግሊዞች ለአናጢ የሚሉት «ካርፐንተር» ከላቲን የወረደ ነው፤ በላቲን ዘመን ሠረገላ ሠሪ ነበር። ሠረገላ አይቶ የማያውቅ ካርፐንተር ግን ዛሬ ስሙን የሚነጥቀው የለም። ከራሳችን ጓዳ ደግሞ «ወጥ ቤት» አለ። እንደ አጻጻፉ ክፍል ነው፤ «ጎበዝ ወጥ ቤት ቀጠሩ» ሲባል ግን ግድግዳና ጣሪያ ቀጠሩ ብሎ የሚሰማ አማርኛ ተናጋሪ አይገኝም።

አጠቃቀሙን እንይ። የአልጋ እግር ሲሰበር «አናጢ ጥሩ» ይባላል። ቁም ሣጥን ለማሠራት የሚፈልግም «ጥሩ አናጢ ታውቃላችሁ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። በዚያው ቀን ግንባታ ቦታ ላይ ፎርማን «አናጢዎቹ ነገ ይምጡ» ሲል የአምድና የወለል ፎርም፣ ማለትም አርማታ የሚፈስበትን የእንጨት ቅርጽ፣ የሚመቱትን ማለቱ ነው። አድማጩ ከቦታውና ከነገሩ ይለያል። መለየት ካስፈለገም አማርኛ መንገዱን ያውቀዋል፤ ከፊት አንድ ቃል ይጨምራል። የዓይን ሐኪም፣ የጥርስ ሐኪም እንደምንለው የፎርም አናጢ፣ የጣሪያ አናጢ፣ የበርና መስኮት አናጢ፣ የቁም ሣጥን አናጢ እንላለን። የዓይን ሐኪሙ «ሐኪም» መባሉ ክብሩን ቀንሶበት አያውቅም።

ታሪኩም ከጸሐፊው ጋር አይሄድም። ምሰሶ የሚያቆመውና ወራጅ የሚመታው እጅ በር ሲገጥምና አልጋ ሲሠራ ኖሯል። የጠፍር አልጋን አስቡት። አራት እግር፣ ሁለት ረጅም አግዳሚ፣ ሁለት አጭር አግዳሚ ነው። የአግዳሚው ጫፍ በምላስ ቅርጽ ይቀነስና በእግሩ ላይ በመሮ ከተፈለፈለ ቀዳዳ ይገባል። ከዚያ ጠፍሩ እርጥብ ሳለ እየተወጠረ ይጠላለፋል። ቆዳው ሲደርቅ ስለሚኮማተር አግዳሚዎቹን ወደ እግሮቹ እየሳበ ጭምቅ አድርጎ ያስራቸዋል። ኮላ የለ፣ ምስማር የለ። ቀዳዳው ሰፍቶ ከተፈለፈለ ግን ጠፍሩ የቱንም ያህል ቢወጠር አልጋው ሲተኙበት ይወዛወዛል። ይህን ልክ የሚያውቅ ሰው «ቤት ሠሪ ብቻ» ነበር ማለት አልጋውን አለማየት ነው።

«ጠራቢ» ላይ ብዙ አልቆይም። ቃሉ የቆየ መሆኑ እውነት ነው፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ማቴዎስ 13፥55 «የጸራቢ ልጅ» የሚለው ይኸው ነው፣ ጸ ወደ ጠ ከመዞሩ በፊት ያለው መልክ። ግን ጠረበ ማለት በምን ነው? በመጥረቢያ። የመሣሪያው ስም ራሱ ይናገራል። ጠራቢ ከግንዱ ላይ እየላጠ የሚያስተካክል ነው፤ ዛሬ ደግሞ «ጠራቢ» ሲባል አብዛኛው ሰው የሚታየው ድንጋይ ጠራቢ ነው፣ ጥርብ ድንጋይ ከሚለው ጋር። በመጋዝ የተሰነጠቀ ጣውላ ገዝቶ፣ በመላጊያ አስተካክሎ፣ በስኳድራ (በማዕዘን መለኪያ) ለክቶ የሚያጋጥመውን ሰው ጠራቢ ማለት ሥራውን አይገልጸውም። ለአንድ ነገር ግን እቀበላቸዋለሁ። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው የጅማ በርጩማ በእርግጥ የመጥረብ ሥራ ነው፤ መጋጠሚያ የለውም፣ እግሩና መቀመጫው አንድ እንጨት ነው። ያንን የሚሠራውን ሰው ጠራቢ ብትሉት አማርኛው አይቃወማችሁም።

ወደ ፈረንሳይ እንሂድ፤ ጽሑፉን ተወዳጅ ያደረገው ይህ ክፍል ሳይሆን አይቀርም። ኤቤኒስት ከዞጲ ስም መውጣቱ እውነት ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን ዞጲ ፓሪስ ውስጥ ውድና ብርቅ ነበር፤ ከባድና ጠንካራም ስለሆነ ሙሉ ቁም ሣጥን ከእሱ አይሠራም። ስለዚህ በስሱ እየተሰነጠቀ በሌላ እንጨት አካል ላይ በኮላ ይለጠፍ ነበር። ቬኒር የምንለው ልጥፍ ማለት ነው። ኤቤኒስት መጀመሪያ የዚህ የልጥፍ ሥራ ሰው ነበር። «ኤቤኒስት ማለት የቤት ዕቃ ሠሪ» የሚለው ትርጉም እዚህ ላይ ይሰነጠቃል፤ ምክንያቱም በዚያው ፓሪስ ወንበሩን የሚሠራው ኤቤኒስት አልነበረም። ወንበር፣ ሶፋና አልጋ ከድፍን እንጨት የሚሠሩት «ሜንዊዝዬ» የሚባሉት ነበሩ፣ በርና መስኮት ከሚሠሩት ጋር በአንድ ስም። በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ለቤተ መንግሥት ወንበር በመሥራት ስሙ የገነነው ዦርዥ ዣኮብ ሜንዊዝዬ ነበር። እንግዲህ በጸሐፊው ሕግ ዣኮብ የቤት ዕቃ ባለሙያ አይደለም ማለት ነው!

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ1743 በወጣው የማኅበር ደንብ ሜንዊዝዬዎቹና ኤቤኒስቶቹ በአንድ ማኅበር ውስጥ ነበሩ፤ የማኅበሩም ስም ሁለቱን ቃላት ያጣመረ ነው። አባላቱ በሥራቸው ላይ የስማቸውን ማኅተም እንዲመቱ የታዘዙትም አንድ ላይ ነው። ቃሉ ተለየ እንጂ ባለሙያው ተነጥሎ አልኖረም። ዞጲም ቢሆን ከስሙ ውስጥ ቀረ እንጂ ከሥራው ወጥቷል። ኦቤን ጀምሮት ሪዝነር በ1769 የጨረሰው፣ ዛሬ ቬርሳይ የሚታየው የንጉሡ የመጻፊያ ጠረጴዛ ውበቱ ከልዩ ልዩ ቀለም እንጨት በተገጣጠመ ልጥፍ ነው፤ ሠሪዎቹ ግን ኤቤኒስት መባላቸው አልቀረም። ዘሩ ከሥራው ተለያይቶ ስሙ ሲኖር ፈረንሳዮቹ አልተጨነቁም፤ ጸሐፊው ግን አናጢን በዚሁ ምክንያት ይከሱታል።

እንግሊዞቹ የለዩበት መንገድም የሚያስቀና አይደለም። ለንደን ውስጥ በአናጢዎችና «ጆይነር» በሚባሉት መካከል የነበረው ጠብ እ.ኤ.አ. በ1632 ወደ ከተማው ሹማምንት ደርሶ ውሳኔ ተሰጠበት። በምላስና በቀዳዳ፣ ጥርስ በጥርስ እየተጋጠመና በኮላ የሚሠራው የጆይነሮቹ፣ ጣውላ በምስማር የሚመታው የአናጢዎቹ ሆነ። ይህ የሥራ ክፍፍል ጠብ ነው፣ ማን የማንን እንጀራ ይብላ የሚል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ማኅበር፣ እንዲህ ያለ ክልከላም አልነበረም፤ ቃሉም ያልተከፈለው የሚከፍለው አጥር ስላልነበረ ነው። አማርኛን «ድኻ» ማለት እዚህ ምን አመጣው?

ጸሐፊው ያልጠቀሷቸውን ቋንቋዎች ደግሞ ብዙ አንባቢዎቻቸው በየቀኑ ይሰማሉ። እስራኤል ያሉ ወገኖች «ነጋር» የሚለውን ቃል ያውቁታል። የቤት ዕቃ ለሚሠራው «ነጋር ረሂቲም»፣ ለግንባታው «ነጋር ቢንያን» ይባላል፤ አንድ ስም፣ ከኋላው ገላጭ። በዓረብ አገሮች የሚሠሩትም «ነጃር» ሲባል ይሰማሉ፤ ፎርም የሚመታው «ነጃር ሙሰለሕ» ነው፣ የአርማታ አናጢ እንደማለት። ልክ እኛ ከፊት እንደምንጨምረው እነሱ ከኋላ ይጨምራሉ። አሜሪካ ውስጥ እንኳ፣ ቃላቱ በተለዩበት አገር፣ የመንግሥቱ የሥራ መደብ ዝርዝር ግንባታውን በ47-2031 «ካርፐንተርስ» ብሎ፣ የቤት ዕቃውን በ51-7011 «ካቢኔትሜከርስ ኤንድ ቤንች ካርፐንተርስ» ብሎ ነው የሚጠራው። ሁለተኛውም ላይ ካርፐንተር አለ፤ የጠረጴዛ ላይ አናጢ።

እዚህ ላይ ግን ጸሐፊው የያዙት አንድ እውነት አለና ልስጣቸው። አሜሪካ ገብቶ የሥራ ማመልከቻ የሚሞላ የቁም ሣጥን ባለሙያ «አናጢ» የሚለውን በቀጥታ «ካርፐንተር» ብሎ ከጻፈ የሚደወልለት የቤት አጽም ለማቆም ነው፤ መሰላልና ከባድ መዶሻ ይጠብቀዋል። «ካቢኔትሜከር» ብሎ፣ ከሥሩ የሚሠራባቸውን መሣሪያዎች፣ የጠረጴዛ መጋዝ፣ የመላጊያ ማሽን፣ ራውተር (የእንጨት ቦይና ጠርዝ መቅረጫ ማሽን) ብሎ ይዘርዝር። ይህ ግን የማመልከቻው ችግር ነው፤ አማርኛውን ለመቀየር ምክንያት አይሆንም።

ስለ «ዞጴኛ» ከዚህ በላይ ማለት አያስፈልግም ነበር፤ ዋንዛ፣ ቀረሮ፣ ጥድና ግራቪሊያ ሲልግ የሚውለውን ሰው በማይነካው እንጨት ስም መጥራት ግን እንዴት እንደታሰበ አልገባኝም። «የቤት ዕቃ ሠሪ» የሚለው ሁለተኛ አማራጫቸው ይሻላል፣ ግን እሱም ይፈስሳል። በአማርኛ የቤት ዕቃ ድስቱም፣ ረከቦቱም፣ ጀበናውም ነው። «ፈርኒቸር ሠሪ» ብንል ደግሞ የብረት አልጋ የሚበይደው ሰው አብሮ ይገባል። «አናጢ» ቢያንስ አንድ ነገር ያለ ጥርጥር ይነግረናል፦ ሥራው እንጨት ነው።

አሁን ወደ ምስማሩ። «እውነተኛው ባለሙያ ምስማር አይነካም» የሚለው ሲያነቡት ደስ ይላል፤ ብዙ ሰው የወደደውም ይኸንኑ ዐረፍተ ነገር ነው። በሥራው ላይ ግን ጥያቄው ምስማር መኖር አለመኖሩ አይደለም፤ እንጨቱ እንዲንቀሳቀስ መተው አለመተው ነው። እንጨት ከቆመበት አየር እርጥበት ይወስዳል፣ ይመልሳልም። በጅማቱ ርዝመት ብዙም አይለወጥም፤ በስፋቱ ግን ይለወጣል። 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ድፍን የጠረጴዛ ፊት የውስጥ እርጥበቱ በ4 በመቶ ከተቀየረ፣ እንደ እንጨቱ ዓይነትና እንደ አሰነጣጠቁ ከ5 ሚሊ ሜትር እስከ አንድ ሳንቲ ሜትር ሊሰፋ ወይም ሊጠብ ይችላል። በክረምት ተሠርቶ ጥር ላይ የሚሰነጠቀው ጠረጴዛ ምክንያቱ ይኸው ነው።

የጠረጴዛውን ፊት ከሥሩ ካለው ማቀፊያ ጋር ዙሪያውን በምስማር ብትመቱት ይሰነጠቃል። ዙሪያውን በኮላ ብትለጥፉትም፣ አንድ ምስማር ሳይነካው፣ እንዲሁ ይሰነጠቃል። ኮላው ከምስማሩ የባሰ ነው፤ ምስማር ትንሽ ይተጣጠፋል፣ ኮላ ግን አይለቅም። መፍትሔው ፊቱን በብሎን ይዞ፣ የማቀፊያውን ቀዳዳ በስፋቱ አቅጣጫ ሞላላ ማድረግ ነው፤ መሐሉ ላይ ያለው ብቻ ጥብቅ ሆኖ የዳሮቹ ይንሸራተቱ። ቁም ሣጥን ላይ ያለው ድፍን የበር ሰሌዳም በማቀፊያው ቦይ ውስጥ ያለ ኮላ ተንሳፍፎ መቀመጥ አለበት፤ ግራና ቀኝ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ይተውለታል። ቀለም ሲቀባ ቦዩ ውስጥ ፈስሶ እንዳያጣብቀው ሰሌዳው ከመገጣጠሙ በፊት ይቀባል። ይህን የዘለለ ሥራ ምስማር አልባ ቢሆንም ከዓመት አይዘልም።

ምስማር የሚከለከልበት ቦታ ግን አለ፣ እዚያ ላይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። የወንበር መጋጠሚያ ነው። ሰው ወደ ኋላ ሲደገፍ ክብደቱ ሁሉ የኋላ እግሩና የጎን አግዳሚው የሚገናኙበት ነጥብ ላይ ይወድቃል፤ ምስማር እየተወዛወዘ ቀዳዳውን ያሰፋል፣ ከወራት በኋላ ወንበሩ ይጮኻል። እዚያ የሚያስፈልገው ምላስና ቀዳዳ ነው። የምላሱ ውፍረት የአግዳሚውን ሲሶ ያህል፤ አግዳሚው 24 ሚሊ ሜትር ከሆነ ምላሱ 8። ቀዳዳው ከምላሱ ርዝመት 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ጠልቆ ይፈልፈል፤ ካልሆነ የተጠራቀመው ኮላ መውጫ አጥቶ ምላሱን ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ በመዶሻ ሲያስገድዱት ደግሞ እግሩን ይሰነጥቀዋል። ሳይቀባ በእጅ ግፊትና በቀላል መታ መታ የሚገባ ልኩ ነው። በመዶሻ ብቻ የሚገባ ከሆነ ኮላውን ጠርጎ ደረቅ ይገባል፤ በራሱ ከወደቀ ደግሞ ኮላው ብቻውን አይዘውም። ከዚህ ውጭ የቁም ሣጥን ጀርባ የሚሸፍነውን ስስ ኮምፔርሳቶ በትንንሽ ምስማር መምታት ነውር የለበትም፤ ኮምፔርሳቶ በስፋቱም ብዙ አይንቀሳቀስም።

ይህን ያህል ከዘረዘርኩ በኋላ የጸሐፊው የመጀመሪያ ቁጭት የት ላይ እውነት እንዳለው ይታያል። የፎርም አናጢው ከቤት ዕቃ አናጢው የሚለየው በልክና በእንጨቱ ድርቀት ነው። ፎርም ላይ ቱምቢና ውሃ ልክ ከጠበቀ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይታለፋል፤ ባህር ዛፉም እርጥብ ቢሆን ሲሚንቶው እስኪጠነክር ይበቃዋል። የቤት ውስጥ ዕቃ ግን 10 እስከ 12 በመቶ እርጥበት ላይ የደረሰ እንጨት ይፈልጋል። አንድ ኢንች ውፍረት ያለው ጣውላ በጥላ ሥር፣ በመሐሉ ዘንግ እየገባለት፣ በአየር ብቻ ለመድረቅ አንድ ዓመት ያህል ሊወስድ ይችላል። ሁለት ዓይነት ችሎታ ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገርም ሥልጠና ይጠይቃል። የችሎታ ልዩነት ግን ገላጭ ቃል ይፈልጋል እንጂ ስም መንጠቅን አያስከትልም።

የመጨረሻው ነጥብ የቺፑዱ ነው፤ ጽሑፉ ሰው የሚጎዳውም እዚህ ነው። ዛሬ ከተማ ውስጥ የወጥ ቤት ካቢኔትና ቁም ሣጥን በብዛት የሚሠራው ከላሚኔትድ ቺፑድና ከኤምዲኤፍ ነው። ጸሐፊው ይህን «መቁረጥና መቦለን» ይሉታል። በካርቶን ታሽጎ የመጣ ዕቃ በመመሪያው መሠረት የሚገጣጥመውን ማለታቸው ከሆነ እስማማለሁ፤ እሱ ገጣጣሚ ነው። ከባዶ ሰሌዳ ለተለካ ክፍል የሚሠራውን ከሆነ ግን አንድ ማጠፊያ ሲገጥም ቆመው ይመልከቱ። ለማጠፊያው ጽዋ 35 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ ይበሳል፤ ጥልቀቱ 12 ተኩል ገደማ ነው፣ ሰሌዳው 18። ከሥሩ የሚቀረው አምስት ሚሊ ሜትር ተኩል ብቻ ነው። መሰርሰሪያው ትንሽ ካመለጠ የበሩ ፊት ላይ ያብጣል ወይም ይበሳል፣ ሰሌዳው ተጣለ። ጉድጓዱ ለጠርዙ ከቀረበ ጠርዙ ይሰበራል፤ ከራቀ በሩ አይከፈትም። ሁለት በሮች ጎን ለጎን ሲቆሙ በመሐላቸው ከላይ እስከ ታች እኩል 3 ሚሊ ሜትር መኖር አለበት፤ የግማሽ ሚሊ ልዩነት ከሩቅ ይታያል።

ቺፑድ የራሱ ጠባይም አለው። በጠርዙ ላይ ብሎን ያለ መሪ ቀዳዳ ከገባ ሰሌዳው እንደ ቂጣ ይከፈላል፤ አንዴ ወጥቶ የተመለሰ ብሎን ደግሞ አይይዝም። የተቆረጠ ጠርዝ ኤጅ ባንዲንግ (የጠርዝ መሸፈኛ ልጥፍ) ካልተለጠፈበት፣ በተለይ ከመታጠቢያው ሥር፣ ውሃ ይጠጣና ያብጣል፤ ያበጠ ቺፑድ አይመለስም። የማይታየው የታችኛው ጠርዝ ሳይለጠፍ የሚቀርበት ሥራ ብዙ ነው፣ ካቢኔት ከእግሩ ጀምሮ የሚበሰብሰውም ለዚህ ነው። በ18 ሚሊ ሜትር ቺፑድ መጽሐፍ የሚሸከም መደርደሪያ ከ70 ሳንቲ ሜትር በላይ ያለ ድጋፍ ከሄደ መሐሉ ይሰምጣል። ይህን የሚያውቅ ሰው እንጨቱ ተፈጭቶ ስለተጋገረ ብቻ ባለሙያ አይደለም ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

የሥራ ማስታወቂያን በተመለከተ ጸሐፊው ያነሡት ቅሬታ ግን ይቀራል፦ «አናጢ ይፈለጋል» ተብሎ ይለጠፍና ሃያ የፎርም አናጢዎች ይመጣሉ። መፍትሔው ቀላል ነው። «የቤት ዕቃ አናጢ፣ በዋንዛና በኤምዲኤፍ የሚሠራ፣ ከሥዕል ላይ ለክቶ የሚቆርጥ» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ለፈተና ደግሞ አንድ መሳቢያ ያሠሩት፣ ከነሳጥኑ። መሳቢያው የሚንሸራተትበት ባለ ኳስ የጎን ሐዲድ በእያንዳንዱ ጎን 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ቦታ ይፈልጋል፤ ስለዚህ የመሳቢያው ስፋት ከመግቢያው በ26 ሚሊ ሜትር ያንሳል። ለሐዲዱ የተተወው ቦታ ሁለት ሚሊ ከጠበበ መሳቢያው ይጎተታል፣ ሁለት ሚሊ ከሰፋ ኳሶቹ ከሐዲዱ ይወጣሉ። ሲጨርስ በስኳድራ ሳይሆን በሜትር ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ይለኩት፤ ሁለቱ ሰያፎች እኩል ከሆኑ መሳቢያው ቀጥ ያለ ነው። ከዚያ በአንድ ጣት፣ ከመሐሉ ሳይሆን ከዳሩ ገፍተው ያስገቡት። ሳይንገዳገድ ከገባ ሰውየውን ይቅጠሩት።